ከመርከብ ሆድ የተፋቀው ብር

ልጅ ሳለሁ አባዬ የእኔ ብቻ ነበር። ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ በተከራየነው አሮጌ ቤት፣ ነፋስ አይሎ መብራት በጠፋ ቁጥር ፋኖስ ያበራና፣ ምድጃው ውስጥ እርጥብ እንጨት እየጨሰ «ተረት ተረት» ይላል። «የላም በረት» የምለው እኔ ነበርኩ። ያኔ አባዬ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ውሃ ኬሚስትሪ ይማር ስለነበር፣ የእኛ ተረት አያ ጅቦና ጦጢት ሳይሆን የድሮ ኬሚስቶች ነበሩ።

ከዚያ አክስቴ ዲቪ ደረሳትና እኩያዬን ልጇን ሰላምን ይዛ እኛ ቤት መጣች። በመጀመሪያው ነፋሻ ምሽት አባዬ ገና «ተረት ተረት» ከማለቱ፣ ሰላም «የላም በረት!» ብላ ቀደመችኝ። ያውም በዚያ ጥርት ባለ አማርኛ! እኔ ድብን አልኩ።

«ኬሚስቶቹ ባሕር ውሃ ውስጥ የሟሟ የብር ማዕድን አለ ብለው ጠረጠሩ» አለ አባዬ። «ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ በርሜል ሙሉ ውሃ ቢያፈሉም አይታይም። ሶ ምን አደረጉ? ብዙ ዘመን ባሕር ላይ የኖረች መርከብ ሆዷ ከተለበጠበት መዳብ ፍቀው መረመሩት። ብር ተገኘ! ባሕሩ ጥቂት በጥቂት ሲለጥፍበት ኖሯል።»

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰላም ግን «ጋሼ፣ ብሩ መጀመሪያውኑ መዳቡ ውስጥ ቢኖርስ?» አለች።

አባዬ ብድግ አለ። «አንቺ ጎበዝ! እነሱም የፈሩት ይህንኑ እኮ ነው!» ባሕር ያልነካውን የዚያኑ ዓይነት መዳብ አምጥተው ከመርከቧ መዳብ ጋር እንዳነጻጸሩ፣ እሱም ላብራቶሪ ውስጥ ያለዚህ ዓይነት ማነጻጸሪያ ምንም ውጤት እንደማያምን እየነገራት ግንባሯን ሳማት። ግንባሯን! የእኔ ግንባር እዚያው አጠገቡ ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስጨነቅ የዋልኩት ጥያቄ ፍለጋ ነው። ማታ፣ መብራቱም ገና ሳይመጣ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዬ «አባዬ፣ ባሕሩ ራሱ ብሩን ከየት አመጣው?» አልኩ።

«ወንዝ ከድንጋይ አጥቦ» አለኝ እያዛጋ። ከዚያ ዞር ብሎ «ሰላምዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት። እንባዬ መጣ፤ በጭሱ አሳበብኩ።

ዛሬ ሰላም እዚሁ ቅርብ ኦበርን ከተማ ወልዳ ከብዳ ትኖራለች፤ ከልብ እንዋደዳለን። ከዚያ ቅናት የቀረችኝ ትንሽ ናት፤ ግን አለች። ባለፈው ኅዳር መብራት ሲጠፋ ልጆቼ አባዬን ከበቡት። «ተረት ተረት» ሲል ማንንም ሳልጠብቅ «የላም በረት!» ብዬ ጮህኩ፤ ልጆቼ አፈጠጡብኝ። መርከቧ ላይ ሲደርስም ቀድሜ «ብሩ መጀመሪያውኑ መዳቡ ውስጥ ቢኖርስ?» አልኩት።

የአባዬ ፊት በራ። «ጎበዝ የኔ ልጅ!» አለኝ። «ልክ እንደ ሰላም!»