የጋሽ ሰይድ ላም እስክትወልድ

ከወልድያ ተሳፍሬ መርሳ የደረስኩ ቀን ገና ሻንጣዬ ሳይወርድ እንባዬ ወረደ። ከደንበጫ፣ ከእናቴ ቤት፣ እንዲህ ርቄ አላውቅም። ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው፤ ገበሬው «በመርፌ ማስጠቃት» የሚለው።

ኃላፊዬ አቶ ታደለ ሞተር ሳይክል፣ ረጅም የፕላስቲክ ጓንትና የኮርማ ዘር በናይትሮጅን የሚቀመጥበትን ዕቃ አስረከቡኝ። እኔ ደግሞ የዝውውር ማመልከቻ አስረከብኳቸው።

«ልጄ፣ ወንበሩ ላይ እንኳ ሳትቀመጪ?» ብለው ሳቁ። «እኔም ለስድስት ወር ብዬ መጥቼ ይኸው ራሴ ተመለጠ።» ፈረሙልኝ ግን።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ ከመርሳ ወጣ ብላ ያለችው የግራና መንደር ገበሬ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ያለቻቸው አንዲት ላም ናት።

«ኮርማው የታል?» ብለው ከሞተሩ ኋላ ፈለጉ። ዘሩ ያለበትን ቀጭን ቀሰም ሳሳያቸው «ሱብሃነላህ! ላሜ ትስቅብኛለች» አሉ። ሚስታቸው እትዬ ፋጡማ ላሟን ቀድመው ሳቁ።

ደንቡን አስረዳኋቸው። ላም ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ከታየች ከሰዓት፣ ማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ሰዓቱ ካለፈ አለፈ።

ደንቡን ያፈረስኩት እኔው ነኝ። ጋሽ ሰይድ ጠዋት የደወሉ ቀን ደንበጫ የአብሮ አደጌ ሠርግ ነበር። ፎቶውን በስልኬ እያየሁ ሳለቅስ ዋልኩ። ግራና የሄድኩት በማግስቱ ነው። እንዳለፈባት እያወቅሁ አዳቀልኳት፤ መናገር አፈርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ላሟ እንደገና ኮርማ ፈልጋ ጮኸች፤ አላረገዘችም።

«ሰነፉ ኮርማሽ ነው ወይስ አንቺ?» አሉኝ በስልክ።

እውነቱን ነገርኳቸው። የቤቱ ወተት ያቺው ላም ናት።

«ግራና ሠርግ የለም እንዴ? ብቻሽን ከምታለቅሺ መጥተሽ አትጨፍሪም? በይ አሁን ቶሎ ነይ!»

ከሰዓት ደረስኩ፤ አዳቀልኳትና የምትወልድበትን ቀን ካርድ ላይ ጻፍኩ። «እንግዲህ ጥጃዋን ሳታይ የትም የለም» ብለው ካርዱን ኪሳቸው ከተቱ። ያን ሰሞን ሠርግ ወሰዱኝ። እኔ በጎጃምኛ ትከሻዬን ስመታ «ምን ነከሳት?» እያሉ ሰዉን ሁሉ አሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከመጣሁ የመጀመሪያዬ ነበር።

በሦስት ወሯ መረመርኳት። ለእናቴ ደውዬ «አርግዛለች!» ብዬ ጮህኩ።

«ማን ናት እሷ?» አለች እናቴ፣ ድምጿ ተቆራርጦ። ላም መሆኗን ለማሳመን ብዙ ደከምኩ።

ዝውውሬ የተፈቀደው ላሟ ሰባት ወር ሲሞላት ነው። «ጸጉርሽ ሳያልቅ አመለጥሽ!» አሉ አቶ ታደለ። በደስታ ዘለልኩ። ግራና ስሰናበት ግን ጋሽ ሰይድ «ሂጂ፣ እናት ትበልጣለች» ብቻ አሉ። ቀልድ አልጨመሩበትም። እትዬ ፋጡማ ፊታቸውን አዙረው ወደ ጓዳ ገቡ።

የላሟን ሆድ ስዳብስ ጥጃው ረገጠኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ለላም ብዬ አይደለም፤ እነዚህን ሰዎች ወድጃቸው ነበር። በማግስቱ ዝውውሩን መለስኩ። ለእናቴ ስነግራት ስልኩን ዘጋችብኝ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ላሟ ወንድ ወለደች። ጋሽ ሰይድ ጊደር ነበር የፈለጉት። «ይህን ሁሉ ወር ጠብቄ ወንድ!» ብለው አኮረፉኝ። ከዚያ ስልኬን ተቀብለው ራሳቸው ለእናቴ ደወሉ።

«እመቤት፣ ልጅዎን የያዝናት እኛ ነን፤ እሷን አይቀየሟት። መጥተው ይዩን። ወተትም አለ።»

እናቴ በሳምንቱ መጣች።

ዛሬም መርሳ ነኝ። ርቃችሁ ለምትመደቡ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ናፍቆቱ አይለቃችሁም። ስልክ ሲጠራ ግን ተነስታችሁ ወደ ጠራችሁ ቤት ሂዱ፤ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው።