ለሩዙ ጌም የሰጠሁት ሦስት ነጥብ

ወረታ ጌም ቤት ውስጥ ሥራ የጀመርኩት በሰኞ ቀን ነው። ያን ቀን ጆይስቲክ እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም ነበር። ቀጣሪዬ ጋሽ ሙላት ከመናኸሪያው ጀርባ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንድ ስታቢላይዘርና ስድስት የፕላስቲክ ወንበር የያዘች ክፍል ነበረቻቸው። ማዕረጌ ተራ አስከባሪ ነበር። ከእኔ በላይ እሳቸው፣ ከእኔ በታች ድመቷ ነበረች።

«ሥራህ ሦስት ነገር ነው» አሉኝ። «ተራ ታስከብራለህ። ጆይስቲክ የሚወረውር ካለ ታስወጣለህ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ስታቢላይዘሩ ሳይረጋ አንድም ነገር አትከፍትም።»

እስከ ቀትር ድረስ አራተኛ ሥራ እንዳለኝ ገባኝ። የገባው ሁሉ «ጥሩ ጌም የትኛው ነው?» ይለኛል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ብቻውን አምስት ጊዜ ጠየቀኝ። እኔም ሁሉንም «ጥሩ ነው» እያልኩ ዋልኩ። ጋሽ ሙላት ይህን ሲሰሙ ቆይተው ጠሩኝ።

«ሁሉም ጥሩ ከሆነ አንተ ለምን ታስፈልገኛለህ? ተጫወትና ለእያንዳንዱ ከአሥር ነጥብ ስጥ። እኔ እንደሆንኩ ኳሱን ከመኪናው አልለየውም» አሉ። በማግስቱ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይዘው መጡ። የጌም ሃያሲ የሆንኩት በዚህ መንገድ ነው፤ ቃሉን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አሠራሬን ያበጀሁት ቀስ በቀስ ነው። አንድን ጌም ሦስት ቀን እይዘዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ብቻዬን እጫወታለሁ። በሁለተኛው ቀን ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው አስጫውታለሁ። በሦስተኛው ቀን መሸነፍ ከማይወድ ሰው ጋር እቀመጣለሁ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ወረታ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አያስቸግርም። ከዚያ ነጥብ አካፍላለሁ። ለአጨዋወቱ አራት፣ ለምስሉ ሁለት፣ ለድምፁ አንድ፣ ሰውን በነጋታው መልሶ ለማምጣቱ ሁለት። የቀረችው አንድ ነጥብ መብራት ድንገት ሲጠፋ የደረስክበትን ለሚይዝልህ ጌም ናት። የውጭ አገር ሃያስያን ይህችን ነጥብ ለምን እንደማይሰጡ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ነጥብ መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ ሰላም የሚለኝ ሰው ቀነሰ። አዲስ የኳስ ጌም መጣና አራት ሰጠሁት። ካለፈው ዓመቱ የተለየው በተጫዋቾቹ ጸጉር ብቻ ስለነበር ይህንኑ ጻፍኩ። የባጃጅ ሹፌሮቹ ተማከሩና ሦስት ቀን ሙሉ አናሳፍርህም አሉኝ። «በእግርህ ሂድና እግርህን ስንት እንደሰጠኸው ትነግረናለህ» ይሉኛል እያለፉኝ።

ለመኪና እሽቅድድሙ ዘጠኝ ስሰጥ ደግሞ በዛ ብለው ተቆጡ። «ከዚህ እስከ ባሕር ዳር አንድም ከብት መንገድ ሳያቋርጥበት የሚነዳ ምን ዓይነት መኪና ነው?» አለኝ አንደኛው። ነገሩ እውነት ነበረው። እኔ ግን የጻፍኩትን ነጥብ አላጠፋም ብዬ ድርቅ አልኩ።

አንድ ከሰዓት የደብሩ መሪጌታ ዝናብ አስገድዷቸው ገቡና ወንበር ሰጠኋቸው። ሁለት ደንበኞች የድብድብ ጌም ይዘዋል። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጥቂት ተመለከቱ።

«ይኸኛው ያን የሚደበድበው ምን አድርጎት ነው?»

«ምንም አላደረገው፣ የኔታ። እንዲያው ጨዋታ ነው።»

«ስንት ሰጠኸው ታዲያ?»

«ስምንት።»

«ያለ ምክንያት ለሚደባደብ ስምንት! ምክንያት ቢኖረው ስንት ልትሰጠው ነበር?» አሉና ዝናቡ ሳያባራ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ታሪክ የሌለው ጌም በመጣ ቁጥር መሪጌታ ከኋላዬ የተቀመጡ ይመስለኛል።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ሙላት ጡረታ ብለው ቤቱን ለእኔ ለቀቁልኝ። በዚያ ጊዜ ሰሌዳዬን በስልክ እያነሱ የሚላላኩ ሰዎች በዝተው ነበር። ከጎረቤት ከተሞቹ ከሐሙሲትና ከአዲስ ዘመን ሳይቀር «ይኼኛው ስንት አገኘ?» ብሎ የሚደውል አለ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራሁ። ትንሽ ማለቴ ለራሴ ሳዳላ ነው።

የኮምፒውተር መምህርቷ ሰብለ የመጣችው በዚህ ኩራቴ መሀል ነው። ሰብለ ወረታን የከበበው የፎገራ ሜዳ ልጅ ናት። በሁለት ክረምት ተቀምጣ ስለ ሩዝ እርሻ በስልክ የሚጫወቱት ጌም ሠርታለች። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ጌትነት፣ ይኸን እይልኝ። በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ደብረ ታቦር ላይ የመምህራን የፈጠራ ሥራ ይታያል። ከትምህርት ቤታችን አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚሄድ። ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ የአንተን ነጥብ እንይ ብለዋል።»

ደንበኞቼ ከኋላ ሆነው «የእኛው ልጅ አይደለችም እንዴ፣ አሥር ስጥና ገላግላት!» አሉ። እኔ ለሰው ፊት ነጥብ አልሰጥም ብዬ በትልቁ መለስኩላቸው።

ጌሙን ከፈትኩ። መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ ጽሑፍ አለ፤ እንደ ሁልጊዜዬ ሳላነብ አለፍኩት። አንድ ማሳ፣ አንድ ጥማድ በሬና ዘር ሰጡኝ። ዘራሁ። ክረምቱ ገባና ማሳዬ በውኃ ተሞላ።

እኔ የተወለድኩት ቢቸና አካባቢ ነው። አባቴ መረሬ መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ ያርሱ ነበር። እዚያ ጥቁር መሬት ላይ ውኃ ከተኛ አዝመራው ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ማሳውን አቋርጦ ውኃውን የሚያወጣ ቦይ ይቀደዳል፤ ፈሰስ እንለዋለን። እኔም እንዳደግሁበት ፈሰስ አወጣሁ። ውኃውን ሙልጭ አድርጌ አስወጣሁና በሥራዬ ረካሁ። ሩዙ ደረቀ። እንደገና ጀመርኩና ፈሰሱን የበለጠ አጠለቅሁት። ሩዙ ፈጥኖ ደረቀ።

በሁለተኛው ቀን ጌም የማያውቅ ሰው ብዬ ያመጣሁት የጨርቅ ነጋዴ የእኔው አገር ሰው ነው። ሳልነግረው ፈሰስ አወጣ። በሦስተኛው ቀን መሸነፍ የማይወደውን ሰው አስቀምጬ «ውኃውን አስወጣ፣ ቶሎ በል!» እያልኩ መከርኩት። አሥራ አንድ ጊዜ አደረቀና ሳይሰናበተኝ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ጊዜ ፎገራ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በየክረምቱ ከመኪና መስኮት ሜዳው ላይ ውኃ ተኝቶ ሳይ ጎርፍ የበላው አዝመራ ይመስለኛል። «አይ ይኼ ምስኪን ገበሬ» እያልኩ ከልቤ አዝን ነበር።

ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «የሩዝ ጌም፣ ሦስት። አጨዋወቱ ተበላሽቷል፤ ገበሬው የቱንም ያህል ቢለፋ ሰብሉ ይደርቃል። በሬው ሲጮህ የጭነት መኪና ጡሩንባ ይመስላል።» ለአጨዋወቱ አንድ፣ ለምስሉ አንድ፣ መብራት ሲጠፋ ለመያዙ አንድ። ሰብለ መጥታ አነበበችው። «እሽ» ብላ ስልኳን ወሰደች። እኔም ጌሙን በራሴ ስልክ ቀድቼ አስቀርቼው ነበርና አልከለከልኳትም።

በሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ አያ ደሴ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያስደርጉ መጡ። አያ ደሴ ሜዳው ላይ ሩዝ የሚያርሱ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው፤ ጌም ግን ነክተው አያውቁም። ሰሌዳውን አንድ ሰው አነበበላቸው።

«ሩዙን ያደረቀው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አያ ደሴ። ጌሙ ብልሽት አለበት።»

«እስቲ ሲደርቅ አሳየኝ።»

ከፈትኩና ዘራሁ። ክረምቱ ገባ፤ ፈሰሱን መቅደድ ስጀምር አያ ደሴ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ኧረ ተው! ውኃውን የት ልትሰደው ነው?»

«ከማሳው ላስወጣው ነዋ።»

«ሩዙሳ ምን ይጠጣ? ሻይ ልታፈላለት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያ ደሴ ግን አልሳቁም። አጠገቤ ተቀምጠው «ያን ድፈነው። ዳር ዳሩን አፈር ከምር፣ ክትር ሥራለት። አሁን እጅህን ሰብስብ» እያሉ አዘዙኝ። ውኃው ተኛ። እኔ ጭንቅ ብሎኝ «አሁንስ?» እላለሁ፤ እሳቸው «አሁንማ አረሙን ንቀል፤ ውኃውን አትንካ» ይሉኛል። ሩዙ አረንጓዴ ሆነ፣ ዘለላ አወጣ፣ ደረሰ። ውኃውንም በጊዜው፣ ለአጨዳ ሲቃረብ፣ እሳቸው ባሉኝ ሰዓት ለቀቅሁት።

«ይኸን የሠራችው ልጅ ታውቃለች» አሉ አያ ደሴ። «አንተ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምትበላው ሩዝ ምን ላይ የበቀለ መስሎህ ነው?»

አፈርኩ። ሦስት ሰው ፊት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቤቱ ሙሉ ነበር። ጠመኔውን አነሣሁና በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩትን ነጥብ አጠፋሁ። ያን ቀን ከሰዓት ሁሉን ከመጀመሪያው መዘንኩት። ለአጨዋወቱ ሦስት፣ ለምስሉ አንድ፣ ለመብራቱ አንድ፣ አያ ደሴ «ነገም እመጣለሁ» ስላሉ ሁለት። ለድምፁ ግን ምንም፤ በሬው አሁንም ጡሩንባ ነው። ሰባት።

ሰሌዳውን ከነምስማሩ ነቅዬ በባጃጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ርእሰ መምህሩ ቁጭ ብለው አነበቡት።

«ዘገየህ፣ ወንድሜ» አሉ። «ሦስት ያገኘ ይዘን ደብረ ታቦር አንወጣም ብለን የኬሚስትሪ መምህሩን ሳሙና ትናንት አስመዝግበናል። ስሙ አንዴ ከተላለፈ አይለወጥም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሷ ጌም ደኅና ነው» አልኩ። ለመንኳቸው። እሳቸውም አዘኑ፤ ነገር ግን የሚያደርጉት አልነበረም።

ሰብለን ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ አገኘኋት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«መጀመሪያው ገጽ ላይ "ውኃውን አቁሩት" ይላል እኮ» አለች።

«አላነበብኩትም።»

ሰሌዳውን ወደ ራሷ አዞረችው። «ሰባት?»

«ሰባት።»

«ሦስቱ ብዙም አላስከፋኝም፤ በወጉ እንዳልተጫወትከው አውቄው ነበር። ሰባቱ ነው የሚያናድደኝ። በሬውን ሳልሰማው ቀርቼ አይደለም፣ ማስተካከሉን ሰንፌ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ መኪና ሳሙናውን ጭኖ በደጄ አለፈ። ሰብለ እኔ ጋ ተቀምጣ ነበር። አያ ደሴ ከገበያ አምስት ገበሬ አስከትለው ገቡ፤ ስልኩን እየተቀባበሉ በውኃው ልክ ተከራከሩ። እሷ ደብተሯን ከፍታ የሚሉትን ሁሉ ትጽፋለች። አንዱ ገበሬ «ይኼን ደብረ ታቦር ብታሳይው ምን ነበረ?» አላት። ሰብለ ቀና ብላ እኔን አየችኝና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የደብረ ታቦሩ ዐውደ ርእይ ከዚያ ወዲህ አልተካሄደም።

ጌም ቤት ለከፈታችሁና ነጥብ ለምትሰጡ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ጌሙ ስለማታውቁት ሥራ ከሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ መጀመሪያ እሱን አጫውቱ። ጠመኔውን ከዚያ በኋላ አንሡ።