ስንጥቅ የሌለው ቀሚስ

ሰውነቴ አስቸጋሪ ነው፤ ልክ የሚሆነኝን ቀሚስ የምትሰፋልኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ የግድግዳ ጎረቤቴ። ሰፊዋ እንላታለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግራ እግሯ መጎተት ጀመረ። ጣቶቿም ደነዘዙ፤ አንዳንድ ቀን መርፌ መያዟን በዓይኗ ካላየች አታውቀውም። ሐኪሞቹ መልቲፕል ስክሌሮሲስ ነው አሉ፤ በሽታ የሚከላከልላት የሰውነቷ ዘበኛ የገዛ ነርቮቿን ሽፋን እየበላ እንደሆነ አስረዷት። «ዘበኛዬ ሌባ ሆነ» ብላ ሳቀች። በሽታው ደግሞ አመለኛ ነው። ጠዋት በደህና ትራመድና ሙቀቱ ሲበረታ እግሯ እንጨት ይሆናል። ለሐሜት የዳረጋት ይኸው አመሉ ነው።

ሐሜተኛዋ ሩቅ አልነበረችም። የባሏ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው በተወችላቸው ቤት አብረው ይኖራሉ። «ስትፈልግ ትሄዳለች፣ ሥራ ሲመጣ ትታመማለች» ትል ነበር፣ ሰፊዋ እየሰማች። ባልየው የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ደግ ሰው ነው፣ እህቱ ፊት ግን ምላሱ ይተሳሰራል።

ሰፊዋ የምትሠራውም የምታድረውም ምድር ቤት፣ በመንገድ በኩል ባለው ክፍል ነበር። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ደንበኛ በመስኮቱ ይጠራታል፤ ሽንት ቤቱም አጠገቡ ነው፤ ይህ በሽታ ደግሞ ሽንትን ቆይ ቢሉት አይሰማም። እህትየዋ ክፍሉን ለመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ፈለገችው። ደረጃ መውጣት መውረድ እግሯን ያፍታታላታል ብላ ወንድሟን በስልክ አሳመነችው፤ ማሽኑንና አልጋዋን ፎቅ ላይ አስወጣችና የክፍሉን ቁልፍ ያዘች። ሰፊዋ እንዴት ልወርድ ነው ብትላት፣ «ቁጭ ብለሽ ውረጂ፤ ትለምጂዋለሽ» አለቻት።

ለመደችው። ደረጃው የብረት ነው፤ ከውጭ ስለሆነ ግቢው ሁሉ ያየዋል። በየጠዋቱ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች፣ አልታዘዝ ያላትን እግር በእጇ እያነሳች ስትወርድ አያታለሁ። አንዳንዴ ሽንት ቤቱ ጋ ሳትደርስ ያመልጣታል። ያን ቀን ማንንም አታናግርም። እኔ እህትየዋን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

ይቺው ሴትዮ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ለሱቁ ምረቃ ቀሚስ ስፊልኝ አለቻት። ገላ ላይ ጥብቅ የሚል፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ። ሰፊዋ እሺ አለች። ሱቁ ከተመረቀ ክፍሉ እንደማይመለስላት እያወቀች እንዲያ በቀላሉ እሺ ማለቷ ገረመኝ። ሰፊዋ ሰው ስትለካ ታስቀምጣለች፣ ታስኬዳለች። እህትየዋን ግን መስታወት ፊት አቁማ ብቻ ለካቻት። ጨርቁ የማይለጠጥ ነው፤ ከኋላው ስንጥቅ የለውም። ስንጥቁስ ብዬ ጠየቅኳት። «አላዘዘችኝም» አለችኝ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

የምረቃው ቀን ባልየውም ከመንገድ ተመልሶ ነበር። እንግዶች ግቢውን ሞልተዋል፤ በተከፈተው የሱቁ በር ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። እህትየዋ የሰፊዋን መቀስ ለሪባኑ ብላ ወስዳ፣ ትሪ ላይ አድርጋ እኔን አስያዘችኝና ልትለብስ ፎቅ ወጣች። ሰፊዋ አለበሰቻት፤ ዚፑ እንዳይከፈትብሽ ብላም ጫፉን በክር ሰፋችው።

እህትየዋ ደረጃው አናት ላይ ብቅ ስትል ተጨበጨበላት። እውነቱን ለመናገር አምሮባታል። እግሯን ልታወርድ ብትል ጉልበቷ አልላቀቅ አላት። ቀሚሱን ወደ ላይ ልትሰበስብ ብትል ጭኗ ላይ ሙጭጭ አለ። ሰፊዋ ከኋላዋ ተቀምጣለች።

«ቅደጂልኝ» አለቻት እህትየዋ።

«በምን? መቀሴን አንቺ ወስደሽዋል።»

«ታዲያ እንዴት ልውረድ?»

«ቁጭ ብለሽ ውረጂ፣ እትዬ። ትለምጂዋለሽ።»

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ፤ መቀሱ ያለው እኔ ጋ ነው። አንዱ እንግዳ ውሰጂላት እንጂ አለኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ምን እዋሻለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እህትየዋ እንደምንም ቁጭ አለች። በመቀመጫዋ ደረጃ በደረጃ እየተንሸራተተች መሃል ስትደርስ እንባዋ መጣና እዚያው ቀረች። ያኔ ሰፊዋ እግሯን በእጇ እያነሳች፣ በለመደችው አወራረድ ከኋላዋ መጣች። ትንሽ ጠጋ በይልኝ አለቻትና አልፋት ወረደች። ባልየው ሚስቱ እንዲህ ስትወርድ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። እጁን ዘረጋላት፤ አልያዘችውም። ግድግዳውን ተደግፋ እኔ ጋ መጣች፣ መቀሷን ከትሪው አነሳች፣ ሪባኑን ቆርጣ ገባች። ሽቶና ቅባት የተደረደረበትን ጠረጴዛ በክንዷ ገፋ አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

«ማሽኔን አውርድልኝ» አለችው ባሏን።

ሰውየው በእህቱ አጠገብ አልፎ ወጣ። ማሽኑን ተሸክሞ ሲመለስ እህትየዋ እዚያው ደረጃው መሃል ነበረች፤ መቀሱን አምጣልኝ ብላ ለመነችው። ቆም ብሎ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ሰፊዋ መቀሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች።

«ትንሽ ጠጋ በይ» አላት እህቱን። «ማሽኑ ከባድ ነው።»