በታብሌት የመጡት ሽማግሌ

አባቴ ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጭ ብሎ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የጉምሩክ ሰነድ መርማሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ፣ ነጋዴው የሚያስገባው ዲክላራሲዮን የሚባለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ዕቃና ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ዕቃ አንድ መሆኑን ሲያጣራ የኖረ ሰው ነው። አዳማ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አንድ ትልቅ ዴስክቶፕ አለው። የራሱ ጠረጴዛ፣ የራሱ ወንበርና እናቴ የሠራችለት ነጭ ዳንቴል አለው። አባቴ ዳንቴሉን አጥፎ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣ ወንበሩን ስቦ ካልተቀመጠ ኮምፒውተር ነካ አይባልም። ፍላሹን ደግሞ እንደ መታወቂያ በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል።

ጡረታ ሲወጣ በመጀመሪያ ደመወዜ ታብሌት ገዛሁለት። ምን ልበላችሁ፣ ወስዶ ዴስክቶፑ አጠገብ አስቀመጠው፤ ማውስ ጎኑ አደረገለት፤ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ይዘኸው የምትዞረው ነው» አልኩት።

«ኮምፒውተር ጋ ሰው ይሄዳል እንጂ ኮምፒውተር ሰው ጋ አይሄድም» አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላው እናቴ ወረሰችው። በፌስታል ጠቅልላ ወጥ ቤት አስገባችው። ስብከት እየሰማች ሽንኩርት ትከትፋለች፣ መዝሙር ከፍታ ልብስ ታሰጣለች። አባቴ በር ላይ ቆሞ ያያትና ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ጊዜ የእድሩን ደብዳቤ ከፈለገበት ቦታ ሆኖ እንዲያርመው ብዬ ኢንተርኔት ላይ አስቀመጥኩለት። «የት ነው ያለው?» አለኝ። «ኢንተርኔት ላይ» አልኩት። «ማን ቤት?» «የማንም ቤት አይደለም፣ አባዬ።» «እኔ ቤት ካልሆነማ ሰው ቤት ነው» አለና በፍላሽ እስካመጣለት ድረስ አኮረፈኝ።

ዋይፋዩን ቤታችን ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። አባቴ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው፦ «ትምህርትሽን እስክትጨርሺ በዚህ ቤት የወንድ ስም እንዳልሰማ!» እኔም አላሰማሁትም። ግን ዋይፋዩ ፓስዎርድ አምጪ ሲለኝ፣ በዚያው ወር የተዋወቅሁት ልጅ ስም ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ጣቴ ላይ መጣ። ሞኝነት በሉት፣ ደስ አለኝ። የተከለከለው ስም ግድግዳ እያለፈ መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤት ሁሉ ይገባ ጀመር። የአባቴን ዴስክቶፕ፣ የእናቴን ስልክ፣ በኋላም ታብሌቱን ያገናኘሁት እኔ ስለሆንኩ ፓስዎርዱን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከአራት ዓመት በኋላ ልጁ ሽማግሌ ላከ። ሁለታችን ተመካክረን ለሽማግሌዎቹ ያስያዝናቸው ወሬ «ባለፈው ዓመት መዘምራን ውስጥ ተዋወቁ» የሚል ነበር። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ መጀመራችንን አባቴ ቢሰማ፣ ሕጉን አፍርሳ ስታታልለኝ ኖራለች ብሎ ነገሩን እንደሚዘጋው እርግጠኛ ነበርኩ። አባቴ በሥራው ላይ የተከለከለ ዕቃ የጫነ ነጋዴን ይምራል እንጂ ስለ ጭነቱ የዋሸውን አይምርም ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ሁለት ነበሩ፤ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው የልጁ አጎትና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። አባቴ ገና ከበሩ ጠየቃቸው። «ታላቃችሁ የት አሉ?» ታላቃቸው ባቱ የሚኖሩት የልጁ አያት ናቸው። ከጋሪ ወድቀው እግራቸው ጀሶ ውስጥ ነው። አባቴ ግን «ታላቅ በሌለበት ስለ ልጄ አላወራም። እሳቸውን ይዛችሁ ኑ። ሳትይዟቸው ከመጣችሁ ለሦስተኛ ጊዜ አትድከሙ» ብሎ ሸኛቸው። እኔ አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የጀሶው ጊዜ እስኪያልቅ አባቴ ምን ሌላ ሰበብ እንደሚያገኝ ማን ያውቃል!

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ግን ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ሦስተኛው በታብሌት ነበሩ።

እኔና እናቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍን በተገረበበው በር እናያለን። አጎትየው ታብሌቱን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። ስክሪኑ ላይ የባቱው ሽማግሌ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል።

«ናጋ ቡልተኒ?» አሉ በኦሮምኛ፣ በጩኸት።

አባቴ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ፤ የሚጨብጠው ሲያጣ ለታብሌቱ ጎንበስ አለ። «ናጋ፣ ደህና አደሩ? እግርዎ እንዴት ነው?»

«እግሬን ተወው፤ ለጉዳይ ነው የመጣሁት!»

«እሺ፣ ተቀመጡ» አለ አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ፤ ወጉም እንደዚያ ነው። አባቴ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ስክሪኑን አየ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ።

«እሳቸው ግን ተቀምጠዋል» አለ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እግራቸው ተሰብሮ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አንቀመጥም ብለዋል፣ ተቀምጠዋል። ሁለቱ አይገጥምም።»

«ከፍ አድርገኝ!» አሉ ሽማግሌው ከታብሌቱ ውስጥ። «እኔ ባቱ ተቀመጥኩ እንጂ እሱ ቤት መቼ ተቀመጥኩ? ከፍ አድርገኝ!» አጎትየው ታብሌቱን ከአናቱ በላይ አነሳው። አባቴ ትንሽ አሰበና «ይሁን፣ በዚህ ቤት ውስጥ ቆመዋል» ብሎ ፈረደ። እናቴ ሳቋ እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! አጎትየው ከባድ መኪና የሚያሽከረክር ሰውዬ፣ ታብሌት አናቱ ላይ ተሸክሞ ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው የልጁን ዘር ከሰባት ትውልድ ጀምረው ይቆጥራሉ። ሦስተኛው ትውልድ ላይ ሲደርሱ ክንዱ ከዳውና ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ከለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ጋር አስደግፎ አቆመው።

«ተቀመጡ ማለት ነው?» አለ አባቴ።

«ኧረ አይደለም! ኧረ በፈጠረዎት!» ብለው ሁለቱም ተሻምተው አነሱት። ሲነሳ የሽማግሌው ፊት ተገልብጦ ኮርኒሱን አየ፤ «የት ወሰዳችሁኝ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ተራ ገቡ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል፤ ታብሌቱ አንዴም ዕቃ ሳይነካ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«እና ልጃችን ልጅዎን ባለፈው ዓመት መዘምራን ውስጥ አይቶ...» አሉ ሽማግሌው፤ አፋቸውን እንደከፈቱ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ እንደቀሰሩ ቀጥ አሉ።

«ጌታ ሆይ! ምን ሆኑ?» ብለው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ደነገጡ።

«ኔትዎርክ ነው» አለ አጎትየው ላቡን እየጠረገ። እውነቱን ነው፤ የሞባይል ኢንተርኔት ቤታችን ግቢ ድረስ ይመጣና ሳሎን ሲገባ ይሞታል። አጎትየው ተቅለሰለሰ። «እንዲያው ካላስቸገርንዎ፣ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ቢሰጡን?»

«ለልጅ ነው ለፓስዎርድ የመጣችሁት?»

«መጀመሪያ ፓስዎርዱን፣ ከዚያ ልጅቷን» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ግራ ሲገባቸው።

እኔ ክው አልኩ። ፓስዎርዱ! የልጁ ስም! ዓመተ ምሕረቱ! ባለፈው ዓመት ተዋወቁ ብለው አሁን ገና ተናግረዋል እኮ። አባቴ ሊጠራኝ ነው፤ ልናገር ነው፤ አለቀልኝ። የእናቴን ታብሌት ከነፌስታሉ ነጠቅኳት፤ የዋይፋዩን ገጽ ከፍቼ ፓስዎርዱን መቀየር ጀመርኩ። አዲስ አምጪ አለኝ። አእምሮዬ ባዶ ነው። ፊት ለፊቴ ያለው የተከተፈ ሽንኩርት ነው። «shinkurt» ብዬ ጻፍኩ፤ ከስምንት ፊደል በታች አልቀበልም ይላል፣ ልክ ስምንት ሆነ። የእናቴ ሰባኪ አሜን ሳይሉ ተቋረጡ።

«ምን አደረግሽው አንቺ ልጅ!» አለች እናቴ።

«ዝም በይ እማዬ፣ በናትሽ!»

አሁን ይጥራኝ ብዬ ተዘጋጀሁ። አባቴ ግን አልጠራኝም። ጉሮሮውን ጠረገና አጎትየውን «ይጻፉ» አለው። ከዚያም ያለ ወረቀት፣ ያለ መነጽር፣ በቃሉ፣ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይጠራ ጀመር። የመጀመሪያውን። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

አጎትየው እየጻፈ እየጻፈ ጣቱ ቀስ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ በትከሻው ላይ አንገታቸውን አስግገው «ይሄ... የኛ ልጅ ስም ነው እኮ» አሉ።

«ዝም ብለው ይጻፉ፣ አላለቀም» አለ አባቴ። አራቱን አኃዝም ጠራ።

«ስህተት ነው ይላል» አለ አጎትየው እየፈራ።

«ስህተት? አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም!» አባቴ ተነሥቶ ቆመ፤ እየጮኸ ደገመው። አሁንም ስህተት ነው አለ። ሦስተኛ ጠራው። በዚህ ጊዜ የልጁ ስም ፊደል በፊደል ከቤታችን አልፎ ጎረቤት ገብቷል። ከዚያ አባቴ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞረ።

«ልጄ።»

«አቤት፣ አባዬ።»

«ቀየርሽው?»

ወጣሁ። ሽማግሌ ባለበት ልጅቱ አትታይም፤ እኔ ቢላዋ በእጄ፣ እንባ በጉንጬ ሆኖ ብቅ አልኩ። እንባው የሽንኩርት ይሁን የእፍረት እኔም አላውቅም።

«በምን ቀየርሽው?»

«በ... ሽንኩርት።»

«የሰው ልጅ ስም አጥፍተሽ ሽንኩርት?» አለኝ። አጎትየው ሳቁን ሊውጥ ሲል አነቀው። አባቴ አልሳቀም። «ዴስክቶፑ ላይ ያስገባሽው ቀን ነው ያየሁት። ያቺ የዓይን ምልክት አለች፣ ስትነካ የተደበቀውን ታወጣለች፤ ነካኋት። የወንድ ስም እንዳልሰማ ብዬሽ ነበር። አልሰማሁም። አነበብኩ።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እናንተ ደግሞ ዲክላራሲዮናችሁ ላይ አንድ ዓመት ይላል። ውስጡ ሲከፈት አራት ነው።»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ታብሌቱ ላይ ያሉት ሽማግሌ ብቻ ጣታቸውን እንደቀሰሩ ናቸው። በቃ፣ ዘጋው አልኩ።

«ይቺ ልጅ» አለ አባቴ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ስልክ ቀይራለች። የምትማረውን ሁለት ጊዜ ቀይራለች። ፀጉሯንማ ተዉት። እኔ በየወሩ እየሄድኩ ያቺን ዓይን እነካለሁ፤ ዛሬስ ቀይራው ይሆን እላለሁ። አልቀየረችውም።» ከዚያ እኔን አየት አድርጎ «እስከ ዛሬ ጠዋት» አለ። «ልጁንማ አውቀዋለሁ። ማየት የፈለግሁት ወገኖቹን ነበር። ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ...» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ከልማድ።

«ጉዳያችሁ ከገባ አራት ዓመቱ ነው! ተቀመጡ!»

እኔ ሽንኩርቱን የሽማግሌዎቹ ታብሌት ላይ ጻፍኩ። የባቱው ሽማግሌ ነፍስ ዘሩ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ «...ወዶ፣ ልጅዎን ይስጡን ብለን ቆመናል!» ብለው ጨረሱ።

«ተፈቅዷል፣ ጋሼ፣ ተቀመጡ ተብለናል» አላቸው አጎትየው።

«እንግዲያው አስቀምጡኛ!»

ከለስላሳው ጠርሙስ ጋር አስደግፈው አስቀመጧቸው። እናቴ እልል አለች።

ተጋብተን ባቱ ገባን፤ ባሌ የሚሠራው እዚያ አበባ እርሻ ነው። አባቴ ታብሌቱን ከእናቴ ቀማ። በየቀኑ ይደውልልኛል፤ ቁጭ ብሎ አይደለም፣ ግቢውን እየዞረ ነው። የማየው አፍንጫውንና የፓፓያውን ዛፍ ነው። «አባዬ፣ ኮምፒውተር ጋ ሰው ይሄዳል ትል አልነበር?» ስለው «ይኸው እየሄድኩ አይደል እንዴ» ይለኛል።

ከሠርጉ በኋላ መጀመሪያ ቤት የሄድኩ ቀን ስልኬ ዋይፋዩን እምቢ አለኝ።

«አባዬ፣ ፓስዎርዱ ተቀየረ እንዴ?»

«አዎ። እኔ ራሴ ቀየርኩት» አለ ኮራ ብሎ።

«በምን?»

«ሽማግሌ ላኪ።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ እናቴን አማላጅ ላክሁ። በመጨረሻ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረና ጀርባውን ሰጥቶኝ ፊደል በፊደል ይጠራልኝ ጀመር። ሦስተኛው ፊደል ላይ ገባኝ። የኔ ስም ነበር፤ መጨረሻው ላይ የተወለድኩበት ዓመት።

«ጻፍሽው?» አለኝ ሳይዞር።

«ቆይ አባዬ፣ ድገምልኝ» አልኩት፤ ስክሪኑ አልታይ ብሎኝ ነበር። እሱም አልተቆጣም፤ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ደገመልኝ።