በግማሽ ሰዓት የደረሰች ዶሮ

ባሌ ዶሮ አያርድም። ደም ሲያይ ፊቱ ይገረጣል። ይህን ያወቅሁት ከተጋባን በኋላ ነው። የመጡት ሽማግሌዎች ስለ ትምህርቱና ስለ እጅ ጽሑፉ ብዙ አሉ፤ ስለ ቢላዋ ግን አንዳቸውም አላነሡም። ደግ ሰው ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለበዓል ዶሮ የሚያርዱልን እዚያው ገዛ ባንዳ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም። የሴት ቢላዋ ሥልጣኑ ሽንኩርት ላይ ያበቃል።

ዘመኑ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ የቢሮው ደብዳቤ ሁሉ በአማርኛ የሆነበት ነው። የባሌም ቢሮ ከአዲስ አበባ አዲስ አለቃ መጣለት። ብዙም ሳይቆይ፣ ከባሌና ከአንድ ባልደረባው አንዳቸው ወደ አሰብ ሊዛወሩ ነው ተባለ። እኔ አሰብን አላየሁትም፤ ትንሿ ልጄ ግን ሙቀት አይስማማትም። አንድ ጊዜ ምጽዋ ወስደናት በሕይወት የተመለሰችው በእመቤታችን ነው። እንግዲህ ባሌ ከተላከ ወይ ቤታችን ለሁለት ይከፈላል፣ ወይ ልጄን ይዤ ወደ እሳት እወርዳለሁ።

አለቃው ይህን የሚወስነው በወረቀት አልነበረም፤ በእራት ነበር። ከሚስቱ ጋር በየሠራተኛው ቤት እየዞረ ይበላል። «የሠራተኛውን የቤተሰብ ሁኔታ ማጥናት» ይለዋል። በእርግጥም ያጠና ነበር፤ በተለይ የዶሮውን ፈረሰኛ። የባልደረባው ሚስት ተራዋ በደረሰ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ ሰንብታ፣ አሥራ ሁለቱንም ብልት አንድ ሳታጎድል አቅርባለታለች።

የእኛ ተራ እሑድ ነበር። ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ባሌ እያለከለከ ገባ።

«ዛሬ ይመጣሉ።»

«እሑድ አላልክም?»

«እሑድ ሌላ ቦታ ተጠሩ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እዚህ ናቸው። ዶሮ ወጥ ስሪ።»

ወንድ ልጅ ዶሮ ወጥ ከድስት ተወልዶ የሚወጣ ይመስለዋል። ሽንኩርቱ ገና ሳይቀላ እንግዳው ቤቱ ተመልሶ ይተኛል። 

«ቢላዋውን ሳል» አልሁት።

በልጅነቴ በአንዲት ጣሊያናዊት ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። ዶሮን አራት ቦታ ከፍላ፣ በለጋ ቅቤና በነጭ ሽንኩርት ጠብሳ፣ በግማሽ ሰዓት ታደርሰዋለች። ያን ጊዜ በልቤ እስቅባት ነበር፤ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። እግዚአብሔር ግን ለሰው በከንቱ የሚያሳየው ነገር የለም።

እንቁላል የምትጥልልኝ አንዲት ዶሮ ነበረችኝ። የሚያርድ ግን አልነበረም። አዛውንቱ ጎዳይፍ ሰፈር ለቅሶ ሄደዋል። በግቢው የቀሩት ወንዶች አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ጣሊያናዊ ነበሩ። ሁለቱም ደግ ጎረቤቶች ናቸው፤ ነገር ግን ክርስቲያን በሥላሴ ስም ያላረደውን የአለቃው ሚስት አትቀምስም፣ እኔም አልቀምስም። ጣሊያናዊውማ አንገት ጠምዝዞ ነው የሚገድለው።

ስለዚህ ባሌን ወደ ግቢ አወጣሁት። ዶሮዋን እኔ ያዝሁ። እሱ ቢላዋውን ቀለሙ እንዳልደረቀ ደብዳቤ በሁለት ጣቱ ያዘ።

«በስመ አብ በል።»

«ብያለሁ።»

«አልሰማሁም።»

«ቆይ፣ ልረጋጋ።»

«እሷ ተረጋግታለች። የቀረኸው አንተ ነህ።»

በዚህ መካከል አለቃው ከሚስቱ ጋር ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ገባ። ሚስቱ «ደም አላይም» ብላ በቀጥታ ወደ ሳሎን አለፈች፤ ትልቋ ልጄ ሻሂ ወሰደችላት። አለቃው ኮቱን አውልቆ ባሌ ክንድ ላይ ጣለው።

«አንተ ሰው፣ ለአንዲት ዶሮ ነው እንዲህ የምትርበተበተው? እኔ በአርበኝነት ዘመን ስንቱን ጥያለሁ መሰለህ!»

«አውቃለሁ ጌታዬ» አለ ባሌ። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«እመቤት፣ ወዲህ በያት።»

ሰጠሁት። ክንፏን መርገጥ እንደሚገባ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን አርበኛን ማን ያስተምራል? ዶሮዋ አንድ ጊዜ አየችውና በሁለት ክንፏ ፊቱን በጥፊ አለችው። «እመ ብርሃን!» ብሎ ጮኸ። ቢላዋውን ጥሎ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ወጣ። ዶሮዋ ከሥር ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ያዟት!» አለ ከላይ ሆኖ። ትእዛዝ ለመስጠት ከፍ ያለ ቦታ ይመቻል።

ያዝኋት። ክንፏንና እግሯን ረገጥሁ። ባሌን «ና» አልሁት፤ መጣ። እጄን በእጁ ላይ አደረግሁ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለ፤ በዚህ ጊዜ ጮክ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ቢላዋውን የያዘው የወንድ እጅ ነው። የወንዱን እጅ ማን እንደያዘው ሥርዓቱ አይጠይቅም። በኋላ ይህንኑ ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ መስቀላቸውን አስሳሙኝና፣ «ጣፈጠች?» አሉኝ። «እወ አባ» አልሁ፤ ስደነግጥ ትግርኛዬ ይቀድመኛል።

ቀሪው ሥራ ቀላል ነበር። በፈላ ውሃ ነጭቼ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጥቤ፣ አራት ቦታ ከፈልኋት። ቅቤው መጥበሻው ላይ ሲንጫጫ ቆዳዋን ወደ ታች አድርጌ አስተኛኋት፤ ቀይ ስትሆን ገለበጥኋት። ነጭ ሽንኩርቱን ቀጥቅጬ ከጥብስ ቅጠል ጋር ጨመርሁና ከደንሁ። ነጭ ሽንኩርት ቶሎ ከገባ ያርራል፣ ይመራል። ሲከደን መዓዛው ቤቱን ሁሉ ሞላው።

የአለቃው ሚስት ሳህኑን ጎንበስ ብላ መረመረችው።

«ብልቶቹ የት ሄዱ? እኔ የማየው አራት ነው።»

«አራቱ ትልልቅ ናቸው፣ እመቤቴ።»

«ማን አረዳት?»

አለቃው ማኘክ አቆመ። ዓይኑን ወደ እኔ ላከ፤ እንስራ የሰበረ ልጅ እናቱን የሚያይበት ዓይን ነበር።

«ወንዶቹ ናቸው» አልሁ።

«የምን ወንዶቹ፣ እኔ ነኝ እንጂ!» አለና ነፍሱ ተመለሰች። እንዴት እንደያዛት፣ እንዴት በአንድ ምት እንደጨረሳት ተረከ። ባሌን ዳቦው አነቀው፤ ውሃ ሰጠሁት። አለቃው ከአራቱ ሁለቱን በላ፤ በቅቤውም ዳቦ እያጠቀሰ ሳህኑን አጸዳው።

ሲወጡ ሚስቱ ቀደመች። እሱ በሩ ላይ ዘገየ።

«እመቤት፣ ብዙ አታወሪም።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው ጌታዬ።»

«መልካም ጠባይ ነው።»

«አሰብ ብወርድ ግን እንጃ። የማውቀው ሰው የለም። ከብቸኝነት ብዛት ማውራት እጀምር ይሆናል።»

ሚስቱ እንዳልሰማች ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አደረገ።

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤው ወጣ። ወደ አሰብ የተላከው የባሌ ባልደረባ ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተንበርክኬ አመሰገንሁ፤ ጧፍም አበራሁ። የባልደረባው ሚስት ከመሄዷ በፊት ልትሰናበተኝ መጣች። ሁለት ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛለች።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን አብልተሻቸው ነው?»

«ዶሮ።»

«እኔም ዶሮ ነው ያበላሁት። ሁለት ቀን የለፋሁበት ዶሮ!»

«አውቃለሁ» አልሁና ሳምኋት። ልጆቿንም ሳምሁ። ታናሽየዋ የእኔዋን ታክላለች።

እግዚአብሔር ልጄን ስላተረፈልኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የዚያች ሴት ልጆች ሙቀቱ ተስማምቷቸው እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ሰው ከአሰብ መጣ በተባለ ቁጥር ወደ ወጥ ቤት እገባ ነበር።