የጽዋ ተራዬ
መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ተከራይተን የምንኖር ወጣቶች በየወሩ በሃያ አንድ በእመቤታችን ስም ማኅበር እንጠጣለን። ሥርዓቱ ከወላጆቻችን የወረስነው ነው፤ ድግሱ ግን በኪራይ ቤት አቅም ነው። ተረኛው ይዘክራል። ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጥና እየዘመርን ቤቱ ድረስ እንሸኘዋለን።

የእኔ ተራ ሊደርስ ሲል የምሠራበት ሱቅ ተዘጋ። ከወሎ ለትምህርት መጥቼ በዚያው የቀረሁ ነኝ፤ ዘመዶቼ ማኅበርተኞቼ ናቸው። ሥራ መፍታቴን እንደሰሙ አንዱ ሽሮ ይዞ ብቅ ይላል፣ አንዷ «ለእኔ በዝቶብኝ ነው» ብላ ዘይት አስቀምጣ ትሄዳለች። ከልባቸው ነበር፤ እወዳቸዋለሁ። ግን ሁልጊዜ ተቀባይ መሆን ያደክማል። ተራዬን እንደ ዓመት በዓል የጠበቅኩት ለዚህ ነው፤ በዚያ ቀን ሰጪዋ እኔ ነኝ።

ጽዋውን የምረከብበት ቀን ደርሶ፣ ጸሎቱ አልቆ ጽዋው ሲነሣ ግን ሙሴያችን፣ የማኅበሩን ሥርዓት የሚመራው ልጅ፣ እኔን አልፎ አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጅ ዘረጋላት።

ደሜ ፈላ። ድሮም ቁጣ አይርቀኝም።

«ተረኛዋ እኔ አይደለሁም እንዴ?» አልኩ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

«ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥራ ስታገኚ ትዘክሪያለሽ። ማርያም ታውቅልሻለች።»

«ካወቀችልኝ ጽዋዋን ለምን ትከለክሉኛላችሁ? ሽሯችሁን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ይሄንንም ከወሰዳችሁብኝ እኔ ምን ልስጥ?»

ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። ሙሴው አንገቱን ደፍቶ ጽዋውን ወደ እኔ መለሰ።

«እሺ፤ ታዲያ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ይዘን እንምጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ…» ሲል አቋረጥኩት።

«የራሴን ሎሚ ራሴ እሸከማለሁ!»

ሁሉም ሳቀ። እየዘመሩም ሸኙኝ።

በወሩ መጡ። አከራዬ፣ በትግርኛ ኣደይ፣ እናቴ፣ የምላቸው ሴትዮ፣ አግዳሚ ወንበራቸውን አውጥተው «ጓለይ፣ ልጄ፣ ዛሬ ቤትሽ ሞላ» እያሉ አስቀመጧቸው። ያለኝ አንድ ሕምባሻ፣ የገብስ ቆሎና ጽዋ ሙሉ ውኃ ነበር። ሕምባሻው ተባርኮ ሲቆረስ ሁሉም እየተሳቀቀ ቆንጠር ቆንጠር አደረገ። ለእኔ እንዲተርፍ መሆኑ ገባኝ። ግማሹ መሶቡ ላይ ሲቀር አይቼ ሆድ ባሰኝ፤ አሁንም እኔው ልበላ ነው ማለት ነው።

ያኔ ሙሴው ተነሥቶ ፊቴ ቆመና ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ይጨመርልኝ» አለ። «ርቦኛል።»

ቀና ብዬ አየሁት፤ አልሳቀም። ትልቁን ቁራሽ ሰጠሁት፤ እንደ ቆመ በላው። ከዚያ ሌላው እጁን ዘረጋ፣ ሌላዋም ተከተለች። ኣደይም ሳይቀሩ «ለእኔስ?» አሉ። ቆሎውንም ዘግኜ ዘግኜ ጨረስኩት።

መጨረሻ ላይ መሶቡን ገልብጬ አራገፍኩት፤ ለጠዋት ቁርስ የሚሆን ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም። እልልታዬን አቀለጥኩት።