ከአንድ ወደ ሁለት

ባሌም እኔም አምቦ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪዎች ነበርን። ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኞች የመልመጃ ጥራዝ አዘጋጅተን በስቴንስል እያባዛን እናድል ነበር፤ ዘመኑ የጓድ ዘመን፣ ወረቀቱም በልመና የሚገኝ። በየዓመቱ ስናርመው ሽፋኑ ላይ ቁጥር የሚጽፈው እሱ ነው። የጊንጪ መምህራን እንኳ በአውቶቡስ ሲያስወስዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቁጥሩን ነበር፤ "አሁን ስንት ደረሰ?" ይላሉ።

ለቁጥሩ ሕግ ነበረው። አሮጌውን የያዘ ልጅና አዲሱን የያዘ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው አብረው መሥራት ከቻሉ ለውጡ ትንሽ ነው፤ አንድ ነጥብ አንድ፣ አንድ ነጥብ ሁለት እያለ ይሄዳል። ካልቻሉ ብቻ ሁለት ይባላል። እኔ ነገር በሆዴ አላሳድርምና፣ "ለጥራዝ ማዕረግ የሚሰጥ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም" እለው ነበር። "ጃለሌ ኮ፣ ልጆቹ እንዳይለያዩ ብዬ እኮ ነው" ይለኛል፣ በኦሮምኛ አቆላምጦ። እውነቱን ነው፤ ለሦስት ልጅ አንድ ጥራዝ ነበር የሚደርሰው።

ከዚያ ታመመ። ጉበቱ ነው አሉን፤ አልጋ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት የመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ ተለውጦ ስለነበር ጥራዙን ብቻዬን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ሁሉ አልቆ ሽፋኑ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ብዬ ከጻፍኩ የእሱ አለቀ ማለት መሰለኝ። አንድ ነጥብ ዘጠኝ ብዬ ጽፌ ወደ አልጋው ይዤለት ሄድኩ።

ቁጥሩን አየ። አሮጌውን አምጪልኝ ብሎ "ነይ፣ ጎኔ ተቀመጪ" አለኝ። እሱ አሮጌውን፣ እኔ አዲሱን ይዘን እንደ ተማሪ መሥራት ጀመርን። እሱ ክፍልፋይ ላይ ሲሆን እኔ መቶኛ ላይ ነኝ። ገጽ ብናገላብጥ፣ ብናገላብጥ አንገናኝም።

"አልገጠመም" አለ እየሳቀ። "ሁለት በይው።"

"አልልም። ስትነሣ አንተው ትለዋለህ" አልኩት፤ እንባዬ ቀደመኝ።

እጄን ያዘኝ። "ምነው አንቺ፣ የሒሳብ አስተማሪ አይደለሽም? አንድ ሳይኖር ሁለት የለም እኮ።"

ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ጥራዙ ተባዝቶ ሲወጣ እሱ አልነበረም። ከዚያ ሦስትም ወጣ፣ አራትም ወጣ። ሽፋኑ ላይ ስደርስ ግን፣ አራት ለመጻፍ እንኳ ከአንድ ጀምሬ ነው የምቆጥረው።